ስሌትም በሁለት ምስክር ይጽና

በጄኔቫ አጠገብ ያለው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማእከል ሰርን፣ ቅንጣቶችን ከሚያጋጨው ከታላቁ ሃድሮን ኮላይደር የሚጎርፈው መረጃ ከአንድ ተቋም አቅም በላይ ስለሆነ፣ ስሌቱን ከ40 በሚበልጡ አገሮች ለሚገኙ 170 ያህል ማእከሎች አከፋፍሎ ያሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት መገኘት ለዓለም ሲበሠርም የእነዚህ ሁሉ ድካም ነበረበት። ማሽኖቹ ግን በዘመንም በሥሪትም አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ አንድ ተመራማሪ ኮዱን ማሽን ወደሚያስኬደው መልክ ሲለውጥ (ኮምፓይል ሲያደርግ) ፍጥነት ፈልጎ «ለዚሁ ፕሮሰሰር አመቻች» የሚለውን አማራጭ ቢጨምር፣ ያው ፕሮግራም ወደ አሮጌ ክላስተር (በአንድነት ወደሚሠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ) በተላከ ጊዜ፣ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ላይ ሲደርስ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ቀጥ ይላል።

ይህስ ራሱን የሚገልጥ ስሕተት ነውና አይከፋም፤ የሚያስፈራው ሥራውን በሰላም ፈጽሞ ሌላ ቁጥር የሚሰጠው ነው። ኮምፒውተር ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ሲደምር በየደረጃው ስለሚያጠጋጋ፣ ኮምፓይለሩ የድምሩን ተራ በለወጠ ቁጥር የመጨረሻዎቹ አኀዞች ሊለወጡ፣ ልዩነቱም በረጅም ስሌት ውስጥ እየገዘፈ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት፣ ፍሪሰርፈር የተባለው ሶፍትዌር ያንኑ የአንጎል ምስል ሲለካ፣ እትሙ ሲለወጥ ብቻ ሳይሆን ማሽኑና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲለወጡም የተለያየ መጠን እንደሚያወጣ አሳይቷል።

ፕሮግራሙን ከነላይብረሪዎቹ በኮንቴይነር አሽጎ መላክ መድኃኒቱ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ጥቅሙንም አልክድም። ይሁን እንጂ ለኢንቴል የተዘጋጀ ኮንቴይነር በአርም ፕሮሰሰር በሚሠራው በጃፓኑ ሱፐርኮምፒውተር በፉጋኩ ላይ እንዳለ አይነሣም፤ ከዚህም በላይ፣ ስሕተት ያለበት ፕሮግራም ሲታሸግ ስሕተቱም አብሮት ታሽጎ፣ በሄደበት ሁሉ ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር እየሰጠ እውነተኛ ይመስላል።

ስለዚህ የምርምር መጽሔቶችና ገንዘብ ሰጪዎች፣ የኮምፓይለሩ እትም፣ የላይብረሪዎቹ ዝርዝርና የተመረጡት አማራጮች ከጽሑፉ ጋር እንዲታተሙ፣ ውጤቱም ቢያንስ በሁለት በማይመሳሰሉ ክላስተሮች ተፈትኖ የታየው ልዩነት በግልጥ እንዲነገር ሊያስገድዱ ይገባል። ሥራው ጊዜ ይበላል፤ እስከ ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ደመወዝ ባልተቈረጠለት ትርፍ ሰዓት፣ ስማቸው በጽሑፉ ላይ በማይወጣ ባለሙያዎች ነው። የምርምሩን እውነት በሁለተኛ ማሽን የሚያስመሰክር ሰው ከአጥኚዎቹ እንደ አንዱ ሊቈጠር፣ ሰዓቱም በበጀቱ ሊያዝለት ይገባል።