ይመሮች በሩ ላይ ደርሰው ለምን ተመለሱ?

ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት እንደ እጃጂ ባሉ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ልጆች ጆተኒ ሲጫወቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ለሁለት ነው። አንዱ በረኛውንና ተከላካዮቹን ይይዛል፤ ሌላው አማካዮቹንና አጥቂዎቹን። የሰፈሩ ጎበዞች የሚባሉ ሁለት ልጆች አንድ ላይ ስለቆሙ ብቻ አያሸንፉም። የሚያሸንፉት የሚግባቡት ናቸው። የኋላኛው ኳሷን አቁሞ ሲያነጣጥር የፊተኛው ሰዎቹን አንስቶ መንገድ ይከፍትለታል። ጎል ሲገባባቸውም «አንተ ነህ!» አይባባሉም።

የሜዳ ቴኒስ የጥንድ ውድድርም ነገሩ ይኸው ነው። የእኛ አገር ኳስ አፍቃሪ ግን ቴኒስ ሲባል ፌዴረር፣ ናዳል፣ ጆኮቪች ብሎ ይቆጥርና እዚያው ላይ ያበቃል። ጥንድ ሲሉት «በነጠላ የተሸነፉ ሰዎች መጽናኛ» ይለዋል። ጥንዱ የታችኛው እርከን፣ ማለትም የቻሌንጀርና ከሱ በታች ያለው ከሆነማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ይህ አስተያየት ስህተት ነው፤ ያውም እንደኛ ላለ አገር ውድ ዋጋ የሚያስከፍል ስህተት።

እርከኑን በኳስ ቋንቋ ለማስቀመጥ፣ ኤቲፒ ቱር ፕሪሚየር ሊጉ ከሆነ ቻሌንጀር ቻምፒየንሺፑ ነው። ከሱ ሥር ደግሞ ድሮ «ፊውቸርስ» ይባሉ የነበሩት የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ውድድሮች አሉ። አጠቃላይ ሽልማቱ 15 ሺህ ዶላር በሆነ ውድድር የነጠላው ሻምፒዮን ከ2 ሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ይወስዳል። የጥንዱ ሻምፒዮኖችስ? ለሁለት ተካፍለው አንድ ሺህ ዶላር እንኳን አይሞላም። ከዚህ ላይ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ምግብና የራኬት ክር ሲቀነስ ምን ይተርፋል? ተጫዋቹ ራሱ ጥንዱን እንደ ትርፍ ሰዓት ሥራ ቢያየው አይፈረድበትም።

ጨዋታው ግን ለኳስ ተመልካች ከነጠላው ይልቅ ይቀርበዋል። በነጠላ 40 ለ 40 ሲሆኑ አንዱ በሁለት ነጥብ እስኪለይ ይጎተታል፤ በቻሌንጀር ጥንድ የምትቀጥለዋ አንዲት ነጥብ ጌሙን ትዘጋዋለች። ወርቃማ ጎል በሉት። አንድ አንድ «ሴት» (የአማርኛዋ ሴት አይደለችም) ከተካፈሉም ሦስተኛ የለም፤ በሁለት ልዩነት ቀድሞ 10 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል። ይቺ ደግሞ የመለያ ምት ናት። አንዱ ሰርቭ ሊመታ ሲዘጋጅ ሌላው መረቡ አጠገብ ቆሞ በጀርባው በጣት ምልክት ይሰጣል፤ «ወደ ቀኝ እሄዳለሁ፣ አንተ ግራውን ሸፍን» እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1998 ካምፕ ኑ ላይ ድዋይት ዮርክ ሳይነካ ያሳለፋትን ኳስ አንዲ ኮል ተቀብሎ፣ ለዮርክ ሰጥቶ፣ መልሶ ተቀብሎ ያገባትን ጎል የሚያስታውስ ሰው ስለ ጥንድ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ይመሮች። ኤልያስና ሚካኤል ይመር ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በስዊድኗ ስካራ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው ወንድወሰን ሯጭ ነበር፤ ልጆቹ ግን ራኬት ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2016 በስቶክሆልም ኦፕን፣ ማለትም በትልቁ ቱር፣ ኤልያስ 20 ሚካኤል 18 ዓመታቸው ሳለ በጥንዱ ፍጻሜ ደረሱና ማቴ ፓቪችንና ማይክል ቪነስን 6 ለ 1፣ 6 ለ 1 ቀጧቸው። እነዚህ ተሸናፊዎች ተራ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ቪነስ በዓመቱ የፈረንሳይ ኦፕንን በጥንድ ወሰደ። ፓቪች በ2018 የጥንዱ የዓለም ቁጥር አንድ ሆነ፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክም ወርቅ አጠለቀ። ከሁለቱ የአበሻ ልጆች ግን በሁለት «ሴት» ውስጥ ያገኙት ሁለት ጌም ብቻ ነበር!

ከዚያስ? ወንድማማቾቹ ወደ ነጠላቸው ተመለሱ። ኤልያስ በ2015 የአራቱንም ግራንድ ስላሞች ማጣሪያ ያለፈ ልጅ ነው፤ በ2018 105ኛ ደርሶ ከመቶው ደጃፍ ላይ ቆመ፣ ብዙ ዓመታቱንም በቻሌንጀር ከተማ ለከተማ ሲዞር አሳለፈ። ሚካኤል የተሻለ ሄዶ በ2023 50ኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ግን በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ለዶፒንግ ምርመራ አልተገኘም ተብሎ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት 18 ወር አገደው። በወሩ ቴኒስ በቃኝ አለ፤ ቅጣቱ ሲያልቅ ተመለሰ። ያቺ የስቶክሆልም የጥንድ ዋንጫ ግን በትልቁ ቱር ሁለተኛ አልተከተላትም።

እዚህ አገር በይመሮች የሚቆጭ ሰው «ለምን ለኢትዮጵያ አልተጫወቱም?» ይላል። ልጆቹ የተወለዱት፣ የሠለጠኑት፣ ራኬት የጨበጡት ስዊድን ነው፤ ለማን ሊጫወቱ ኖሯል? ቁጭት ካስፈለገ ያንን በር በእጃቸው ከፍተው አለማለፋቸው ነው የሚያስቆጨው። በእርግጥ ለሚካኤል መልስ አለው። በነጠላ 50ኛ የሆነ ሰው አንድ የግራንድ ስላም የመጀመሪያ ዙር ቢሸነፍ እንኳን የሚያገኘውን ገንዘብ የቻሌንጀር ጥንድ በብዙ ወር አይሰጠውም። ኤልያስ ግን? ከመቶው ውጭ ለቆመ ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው። የሳምንቱን ግማሽ ልፋት ለጥንዱ ቢሰጥ ኖሮ ምን ያጣ ነበር?

«ከቻሌንጀር ጥንድ ተነስቶ ማን ደረሰ?» የሚል ካለ ፊንላንዳዊውን ሃሪ ሄሊዮቫራን ይመልከት። ሰውየው ቴኒስ ትቶ ለዓመታት ርቆ ነበር፤ በሄልሲንኪ አውሮፕላን ማረፊያም ሠርቷል። ሲመለስ ከታችኛው እርከን ጀምሮ በጥንድ ወጣ። አጣማሪው እንግሊዛዊው ሄንሪ ፓተን ደግሞ ከዓመታት በፊት በዊምብልደን ሜዳ ዳር ተቀምጦ የጨዋታ መረጃ የሚመዘግብ ልጅ ነበር። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው በዊምብልደን ፍጻሜ ሦስት የዋንጫ ነጥብ አድነው አሸነፉ፤ በ2025 አውስትራሊያ ኦፕንን ደገሙ። ከአፍሪካም የዚምባብዌዎቹን የብላክ ወንድማማቾች ማንሳት ይቻላል፤ ባይረን በ1994 የጥንዱ ቁጥር አንድ ነበር። ቤንጃሚንና ኮርትኒ ሎክ የተባሉት የዚያው አገር ወንድማማቾችም በነዚሁ ዝቅተኛ ውድድሮች ጥንድ ሆነው በርካታ ዋንጫ ሰብስበዋል።

ጥንድ የራሱ ሙያ መሆኑን የተጠራጠረ ደግሞ የ2025ቱን የዩኤስ ኦፕን ድብልቅ ጥንድ ያስታውስ። አዘጋጆቹ ለትርኢት ብለው የነጠላ ኮከቦችን ሰበሰቡ፤ ሚሊዮን ዶላሩን ግን የጥንድ ባለሙያዎቹ ጣሊያናውያን ሳራ ኤራኒና አንድሪያ ቫቫሶሪ ሽቪዮንቴክንና ሩድን በፍጻሜ ረትተው ይዘው ሄዱ።

አዲስ አበባ ውስጥ በታሪኩና ደስታ ስም የሚጠራው ፕሮጀክት ሕፃናትን ቴኒስ ሲያስተምር ቆይቷል። እንዲህ ያለው ሥራ አንድ ቀን ወደ አምቦና እጃጂ ከተሻገረ በጥንድ ቢጀምር ይሻላል። ሜዳ ውድ ነው፤ በነጠላ ሁለት ልጅ የሚይዘው ሜዳ በጥንድ አራት ይይዛል። ራኬቱን መምታት ጊዜ ይወስዳል፤ የኋላኛው ሲያነጣጥር መንገድ መክፈቱን ግን ልጆቹ ከጆተኒው ያውቁታል።

ሄሊዮቫራ የዊምብልደንን ዋንጫ ሲያነሳ 35 ዓመቱ ነበር። ኤልያስ ይመር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።