ተልባውን ጠጥተን እግሩን አቃጠልን

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። መጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብ «የተልባ እግር» የሚባል ልብስ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ያ ነዌ የምንለው ባለጸጋ የለበሰው፣ የኦሪት ካህናትም የለበሱት ማለቴ ነው። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ የጨርቅ ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር። እግር የተባለው አገዳው መሆኑን፣ ተልባውም ያው በፆም በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ መሆኑን ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ሳቁብኝ፤ ግን እናንተስ?

የሚያሳፍረው ደግሞ ያደግኩት አርሲ ደጋ፣ ተልባ ከሚዘራ ቤት መሆኑ ነው። ኅዳር ታኅሣሥ ላይ ታጭዶ አውድማ ላይ በበሬ ይበራያል። ፍሬው ወደ ጎተራ ይገባል፤ አገዳው ጥግ ላይ ይከመራል። ከብቱ የገብስ ጭድ ካገኘ ዞር ብሎም አያየው፤ እናቴ እሳት ታያይዝበታለች። ልጆች ሆነን አገዳውን ለመበጠስ ስንታገል ውስጡ ያለው እንጨት መሳይ ነገር ቀጭ ብሎ ይሰበርና ላዩ እንደ ክር እየተሳበ ይቀራል። ጅራፍ እንገምድበት ነበር። አውሮፓ ውስጥ ሸሚዝ ሆኖ በውድ የሚሸጠው ያ ክር ነው እንግዲህ።

«ታዲያ ማሽን አስመጥተን ሸሚዝ እንሥራ!» ለማለት ግን አልቸኩልም። የእኛ ተልባ ለፍሬው ሲባል የተመረጠ ስለሆነ አጭርና ቅርንጫፋም ነው። ፈረንሳይ ኖርማንዲ ውስጥ ወይም ቤልጂየም የሚዘራው ለቃጫው የተመረጠ፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ነው። ቃጫው እንዳያጥር አያጭዱትም፤ ከነሥሩ ይነቅሉታል። ከዚያ ማሳው ላይ አነጥፈው ለሳምንታት ለጤዛ ይተዉታል። ጤዛው ላይ የሚራቡት ፈንገስና ባክቴሪያ ቃጫውን ከእንጨቱ ያጣበቀውን ሙጫ ይበሉታል። ሲደርቅ ጥርስ ባላቸው ጥቅል ብረቶች መሀል ያልፋል፣ እንጨቱ ይደቃል፣ የሚሽከረከሩ ምላጮች ስብርባሪውን መትተው ያራግፉታል፣ በመጨረሻም ይበጠራል። ይህ ሁሉ ማሽን የተሠራው ረጅሙ ቃጫ ሳይበጠስ እንዲወጣ ነው። በሬ ረግጦ ያደቀቀውን የእኛን አገዳ ብታጎርሱት ምን ሊተፋ ነው?

አጭር ቃጫም ቢሆን ግን ዋጋ አለው። ተቆርጦና ለስልሶ ከጥጥ ጋር ተደባልቆ ይፈተላል፣ ገመድ ይሆናል፣ ወረቀት ይሆናል። ካናዳ ውስጥ ለዘይት ከሚዘራ ተልባ የተረፈ አገዳ ለሲጋራ ወረቀት ሲሸጥ ኖሯል። ስለዚህ የሚያስፈልገን የኖርማንዲን ማሽን መቅዳት ሳይሆን ለአጭርና ለተሰባበረ አገዳ የሚሆን፣ የሚያደቅና የሚያራግፍ ቀላል ማሽን መሥራት ነው።

ይህን ለአንድ የመካኒካል ተማሪ ጓደኛዬ ነገርኩት። እኔ በሞተሩና በብረቱ እንከራከራለን ብዬ ስጠብቅ እሱ «አገዳውን ማን ያመጣልሃል?» አለኝ። እውነቱን ነው። የተልባ አገዳ አንድ አይሱዙ ሙሉ ቢጫን አብዛኛው እንጨት ነው። ገበሬው ለትራንስፖርት የሚከፍለው ቃጫው ከሚያወጣው ሊበልጥ ይችላል። አውሮፓውያኑም ቢሆኑ ማድቀቂያውን ከማሳው ራቅ አድርገው አይተክሉም።

መልሱ ግን እኛው ሰፈር ያለ ይመስለኛል። አርሲና ባሌ የስንዴ ገበሬ ኮምባይነር አይገዛም፤ ኮምባይነሩ ማሳው ድረስ መጥቶ አጭዶና ወቅቶ በኩንታል ተከፍሎት ይሄዳል። የተልባ ማድቀቂያም እንደዚያ በትራክተር ተጎትቶ አውድማ ለአውድማ ቢዞር፣ እንጨቱ እዚያው ማገዶ ሆኖ ይቀራል፣ የሚጫነው ቃጫው ብቻ ይሆናል። ትልቅ ፋብሪካ ካልተመረቀ ሥራ የተሠራ የማይመስለን ሰዎች (የእኛ የጋዜጠኞቹም ጥፋት አለበት፤ ሪባን ሲቆረጥ እንጂ ብሎን ሲፈታ መች እንዘግባለን?) ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለን ይችላል።

ሄምፕስ የሚል አይጠፋም። የሄምፕ ቃጫ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ጆርጅ ሽሊችተን የተባለ ሰውም እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካ ውስጥ አገዳውን ሳያስበሰብስ የሚልጥ ማሽን ፓተንት አውጥቶበታል። ማሽኑ ግን ያኔ ገበያ ሳያገኝ ቀርቷል። ደግሞም ሄምፕ የካናቢስ ዘር ነው፤ በአገራችን ካናቢስ መዝራት ወንጀል ስለሆነ እኔ ደጃችን ላይ ያለውን ተልባ እመርጣለሁ።

የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ክረምት ቤት ስሄድ አባቴ ተልባ መዝራት ሊተው እንደሆነ ነገረኝ። «ስንዴ ኮምባይነር አለው። ተልባ ምን አለው ልጄ? ጉልበት ብቻ» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ፍሬውንም አገዳውንም ቢሸጥ ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ይሆን ነበር።

ለዘንድሮው ግን አንድ ነገር ተስማምተናል። ከማሳው ጥግ ትንሽ ከነሥሩ ይነቅልልኛል፣ ፍሬውን በበሬ ሳይሆን በዱላ ያራግፈዋል፣ አገዳውን ለጤዛ ያነጥፈዋል። ሁለት ሸክም ይሆናል። ጓደኛዬ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ርዕስ እየፈለገ ስለሆነ አገዳውን ወርክሾፑ በር ላይ አራግፍለታለሁ። የሚሆነውን በሚቀጥለው ቡለቲን እጽፋለሁ፤ ባይሠራም እጽፋለሁ።