ኃይሌ ሁለቴ ተሰናበተ፤ ሌሎቹስ?

በኖቬምበር 2010 (እ.ኤ.አ) ኃይሌ ገብረሥላሴ የኒውዮርክ ማራቶንን በጉልበት ሕመም አቋርጦ «በቃኝ» አለ። በቀናት ውስጥ ግን ሐሳቡን ቀየረ። የቁርጡ ስንብት የመጣው በሜይ 2015 ማንቸስተር ላይ፣ በ42 ዓመቱ ነው።

27 የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ፣ በአትላንታና በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀ ሰው ማቆም እንዲህ ከከበደው፣ ስሙ ያልገነነው ሯጭ እንዴት ይሁን?

ልዩነቱ ዝግጅቱ ላይ ነው። ኃይሌ በማለዳ የእንጦጦን ዳገት ሮጦ ወርዶ ቢሮ ይገባ ነበር። የሐዋሳው ሆቴሉም ሥራ የጀመረው እሱ ገና እየሮጠ፣ በ2010 ነው። ዝና ብቻውን ግን ሁሉን አይፈታም። በ2016 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ2018 በፈቃዱ ለቀቀ። ወንበር እንደ መም አይደለማ!

ዛሬም ጎህ ሲቀድ ወጣቶች ከየካና ከኮተቤ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ይወጣሉ። ለሜዳሊያ የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ጉዳት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ሰዓት እንደሚይዙላቸው ሁሉ ትምህርቱንና ቁጠባውንም ከወዲሁ ቢያስቡላቸው ይበጃል። ኃይሌ በራሱ ተወጣው፤ ሁሉም ግን ኃይሌ አይደለም።