አቤት የሚባልበት ደጅ የት ነው?

በድሮው ዘመን የተበደለ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ስንቁን ቋጥሮ፣ ነጠላውን አደግድጎ ከአገረ ገዢው ደጃፍ ወር ሁለት ወር ይከርማል። ጌትየው ብቅ ሲሉ "አቤት!" ይላል። አላዳምጥ ቢሉት ዙፋን ችሎት ድረስ የሚሄድ ነበር። ያን ዘመን ላወድስ አይደለም፤ የደጅ ጥናትን መከራ አያቶቻችን ያውቁታል። ግን ጎበዝ፣ ንብረቱን የተነጠቀ ሰው የሚጮህበት ደጅ እንኳ ያጣበት ዘመን መጥቷልና እንነጋገርበት። ጉዳዩ የኢሜይል ነው።

"ኢሜይል ደግሞ ርእሰ አንቀጽ ይጻፍበታል እንዴ?" የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ይጻፍበታል! የትምህርት ማስረጃው፣ የዲቪ ቁጥሩ፣ ባሕር ማዶ ያለ ወንድሙ የላከው ወረቀት ኢሜይሉ ውስጥ ያለ ሰው በየቀበሌው ሞልቷል። ሣጥኑ ተቆለፈ ማለት ሰውየው ተቆለፈበት ማለት ነው።

የኔኑ ላስቀድም። የመጀመሪያ ኢሜይሌን የከፈትኩት ተማሪ ሳለሁ፣ ደብረ ታቦር ከአንድ ኢንተርኔት ቤት፣ ደቂቃ እየተቆጠረብኝ ነው። የድርጅቱን ስም ልተወው። የዲፕሎማዬ ቅጂ፣ ከአዘጋጆች ጋር የተጻጻፍኩት፣ ባለጉዳዮች አምነው የላኩልኝ ሰነድ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ባለፈው ዓመት በአዲስ ስልክ ልከፍተው ብል "አንተ መሆንህን አረጋግጥ" ተባልኩ። የይለፍ ቃሉን ሳላሳስት አስገባሁ። አልበቃም። ኮድ ወደ ስልክህ ልኬያለሁ አለኝ፤ ቁጥሩ ከእጄ ከወጣ ግን ዓመታት አልፈዋል፣ ዛሬ በማን ኪስ እንዳለ እንጃ። ሌላ መንገድ ብለው "ቀድሞ በገባህበት ኮምፒዩተር ሞክር" አለኝ። ያ ኢንተርኔት ቤት ዛሬ ጫማ መሸጫ ነው! ሰው ላነጋግር ብዬ ብፈልግ ሰው የለም። ስልክ የለም፣ ቢሮ የለም፣ ዘበኛ እንኳ የለም።

ለቁልፉ ምክንያት አለው፤ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሁ ላይ በደረሰው ዝርፊያ የ3 ቢሊዮን አካውንት መረጃ መሰረቁን ኩባንያው ራሱ በ2017 አምኗል። ሌባ ሲበዛ መቀርቀሪያ ይበዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ መቀርቀሪያው የተሠራው በማን ልክ ነው የሚለው ነው።

የድሮዎቹን የምስጢር ጥያቄዎች አስታውሱ። "የእናትህ ስም ከጋብቻ በፊት ማን ነበር?" ይላል። እናቶቻችን ሲያገቡ መቼ ስም ይለውጣሉ? "ያደግህበት መንገድ ስም?" ጋፋት ላይ የምን የመንገድ ስም! "የመጀመሪያ የቤት እንስሳህ?" ይህስ ደህና ነው፣ ቡሬም ዳለቻም አለን፤ ግን በላቲን ፊደል እንዴት ብለን እንደጻፍነው ከዐሥር ዓመት በኋላ ማን ያስታውሳል? የትውልድ ዘመኑም ሌላ ጣጣ ነው። በኛ 1982 የተወለደ ሰው በነሱ 1989 ወይም 1990 ነው። ኢንተርኔት ቤት የሚሠራው ልጅ ፎርሙን ሲሞላልን የቱን እንደጻፈ እሱም አያውቅም። እነዚህ ጥያቄዎች እየቀሩ መጥተው በስልክ ኮድ ተተኩ። የስልክ ኮድ ደግሞ መንግሥት የማይዘጋው ስልክ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የኛ አገር ነገር የሚሆነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ሁለት ዓመት ግድም ተዘግቶ ነበር። በ2011 ሰኔ በፈተና ሰበብ፣ ኋላም ከባሕር ዳሩ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ተዘጋ። በትግራይ ጦርነቱ ከተጀመረበት ከ2013 ጥቅምት አንስቶ ሁለት ዓመት ያህል ኢንተርኔት አልነበረም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በየከተማው መመለስ የጀመረው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው።

አሁን ይህን ከኩባንያዎቹ ደንብ ጋር አስተያዩት። ያሁ 12 ወር ያልተከፈተ ሣጥን ውስጥ ያለውን ሊሰርዝ ይችላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት እንደሚሰርዝ አስታውቆ ከዚያው ዓመት ዲሴምበር ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። አንዱ መስመር ይቆርጣል፣ ሌላው ቀን ይቆጥራል። መሐል ላይ ያለው የደብረ ታቦር ሰው "ያልገባሁት ስለተዘጋብኝ ነው" የሚልበት ሣጥን ፎርሙ ላይ የለም። ካሊፎርኒያ ያለው ማሽን ሰውየውን ሰነፍ አድርጎ ይመዘግበዋል። ለመሆኑ አስቸኳይ አዋጅ ሲያወጡ ይህን ያሰበ ሹም አንድ እንኳ ነበር?

ጋፋት ደብዳቤ ሳይመለስ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ከመዝገብ ቤት ተከተተ፤ መልስ የተጻፈው ቆንስሉ ከታሠረ በኋላ ነው። እሳቸው እዚሁ ጋፋት ላይ ሴቫስቶፖልን የሚያስቀልጡበት አቅም ነበራቸው። እኛ ያለን ብዕር ነው፤ በብዕራችን እንጠይቅ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የዜጋ ደብዳቤና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ይህን እንዲያስፈጽም የታዘዘውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እንግዲያው ባለሥልጣኑ ለነጉግል ይጻፍ! "በዚህ ክልል ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን መስመር አልነበረም፤ ያን ጊዜ አትቁጠሩባቸው፣ በአማርኛ አቤቱታ የሚሰማ ሰው መድቡ" ይበል። እርግጥ ይህን ለመጻፍ መስመሩ በማን ትእዛዝ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተዘጋ በፊርማ ማመን ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዕሩ እንዳይደርቅ እፈራለሁ። ቢሆንም ይጠየቅ።

እስከዚያው አንባቢ ሆይ፣ ሣጥንህ ካልተቆለፈ ዛሬውኑ ግባ። ስልክ ስትቀይር አዲሱን ቁጥር አስመዝግበህ ነው አሮጌውን ሲም መጣል። አካውንቱ ለክፉ ቀን የሚሰጥህን የመጠባበቂያ ኮድ ስልክህ ላይ አታስቀምጥ፤ ስልኩም ይሰረቃል። ወረቀት ላይ ገልብጠህ ከመሬት ደብተሩ ጋር እናትህ ሣጥን ውስጥ ክተተው።