የእንግሊዝኛ ትምህርት፦ «መብላት» የሚለው ግስ

ዛሬ የምንመለከተው የእንግሊዝኛ ግስ «ኢት» ነው፤ ትርጉሙም «መብላት» ማለት ነው። በኀላፊ ጊዜ «ኤት»፥ ከረዳት ግስ ጋር ሲሆን ደግሞ «ኢትን» ይባላል።

ሰው እንጀራ ሲበላም ሆነ፥ ዝገት ብረትን፥ የኑሮ ውድነት ደመወዝን ሲበላ እንግሊዞች እንደ እኛው በዚሁ ግስ ይጠቀማሉ። ሆኖም አነጋገሩ ተመሳስሎ ፍቺው የሚለያይበት ስፍራ ስላለ ጥንቃቄ ያሻል። እንግሊዛዊ «የሚበላህ ምንድን ነው?» ቢል «ምን አሳሰበህ?» ማለቱ ነው፤ እኛ ግን «ምን በላው?» የምንለው ለጠፋ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉን በላ የሚባለው፥ የተናገረው ስሕተት መሆኑን አፍሮ ያመነ ሰው ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ቃሉን የበላ ማለት መሐላውን ያፈረሰ ነው።

ግሱ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ሲሻገር ሌላ ፍቺ ይጨምራል። በናይሮቢ እንግሊዝኛው ከስዋሂሊው «ኩላ» ጋር ጎን ለጎን ይነገራል። በዚያም «የመብላት ተራው የእኛ ነው» ሲባል ስለ ምሳ አይደለም፤ ሥልጣን ወገናችን እጅ ስለ ገባ የመንግሥት ሀብት ይድረሰን ማለት ነው። ጉቦውም «ቻይ»፥ ማለትም «ሻይ» ይባላል። ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ እ.ኤ.አ. በ2003 ሙስናን ይዋጉ ዘንድ የሾሟቸው አቶ ጆን ጊቶንጎ፥ «አንግሎ ሊዝንግ» በመባል የታወቀውን የመንግሥት ውሎች ቅሌት ሲመረምሩ ቆይተው፥ በ2005 ብሪታንያ ሳሉ ሥራቸውን ለቀቁ። ጋዜጠኛ ሚኬላ ሮንግ ታሪካቸውን በ2009 በመጽሐፍ ስታወጣ ለርእስ የመረጠችው ይህንኑ የመብላት ተራ አባባል ነበር።

ይህን የምንጽፈው በጎረቤት ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የራሳችን ነውና። የአነጋገሩ ክፋት ለስላሳነቱ ነው፤ ረኀብ የሁሉ ስለ ሆነ «በላ» የተባለ ሌባ የተራበ ሰው ይመስላል። ከስንቅ ግምጃ ቤት ዱቄት አውጥቶ የሸጠ ግን በላ አይባልም፤ በምሽግ ያለውን ጓዱን አስርቧል። እንግዲህ አለቃ በሰልፍ ፊት፥ እናትም ልጆቿ በከበቡት ማዕድ ዙሪያ፥ «በላ»ን ለእንጀራ ትተው የቀረውን በስሙ «ሰረቀ» ይበሉት።

በሚቀጥለው ሳምንት የምናጠናው ግስም «ስቲል»፥ ማለት «መስረቅ» ይሆናል።