ሲሻር የሚበላ

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን መብራት እስኪጠፋ ድረስ ያላለቀ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን የአንድ አሜሪካዊ ጄኔራል የሥራ ታሪክ አነበበልን፤ አርባ አንድ ዓመት ወታደር፣ ቀጥሎ የጦር መሣሪያ ኩባንያ የቦርድ አባል፣ ቀጥሎ የመከላከያ ሚኒስትር። «ሰው ማለት እንዲህ ነው!» አለና ወረቀቱን አጠፈው። ግማሾቻችን አጨበጨብን። የቀረነው ግን እጃችን አልታዘዘልንም። ይህችን ጽሑፍ ያወጣናት ያላጨበጨቡትም እጆች የሚሉት ስላላቸው ነው።

በመጀመሪያ፣ ስድብ አያስፈልግም። የተነበበልን የሎይድ ኦስቲን ታሪክ ነው። በጦር ሜዳ የዋሉ፣ በአገራቸው የመጀመሪያው ጥቁር የመከላከያ ሚኒስትር ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። ሲሾሙም በቀድሞ ኩባንያቸው ጉዳይ እጃቸውን እንደማያስገቡ ቃል ገብተዋል። እኛ ሰውየውን አንከስም፤ የምንከሰው መንገዱን ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው (የአሜሪካኑን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ኦስቲን በ2016 ጡረታ ወጡ፤ በዚያው ዓመት የዩናይትድ ቴክኖሎጂስ ቦርድ ገቡ፤ ኩባንያው በ2020 የፓትሪዮት ሚሳይል ከሚሠራው ከሬይቴዎን ጋር ተዋሐደ፤ በጥር 2021 ሚኒስትር ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት ማርክ ኤስፐር ነበሩ፤ በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተዋጉ፣ ኋላም ለዚያው ለሬይቴዎን የመንግሥትን ደጅ የሚጠኑ ምክትል ፕሬዚዳንት። በ2019 ሚኒስትር ሆኑ። ከኤስፐር በፊት ደግሞ ጄኔራል ጄምስ ማቲስ። በ2013 ጡረታ ወጡና ታንክና ሰርጓጅ መርከብ የሚሠራው የጄኔራል ዳይናሚክስ ቦርድ ውስጥ ገቡ፤ በ2017 ተሾሙ፤ በ2018 ማለቂያ ሥራ መልቀቂያ አስገቡ፤ በ2019 ተመልሰው እዚያው ቦርድ ውስጥ ተቀመጡ። ከጥር 2017 እስከ ጥር 2025 ድረስ ሴኔቱ ያጸደቃቸው የመከላከያ ሚኒስትሮች እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሦስቱም ወታደር፣ ሦስቱም የሻጩ ሰው፣ ሦስቱም የገዢው አለቃ! አጋጣሚ ነው ትሉን ይሆን?

የኛ አገር ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ይህን ተረት ስንሰማ የሚታየን ካዝና የሚገለብጠው ሹም ነው። ያ ሹም ዛሬ ሠልጥኗል። ሲሾም አይበላም። ደረሰኙ የተሟላ ነው፤ ኦዲተር ቢመጣ ቡና አስፈልቶ ይቀበለዋል። እርሱ የሚበላው ሲሻር ነው። የሚያጎርሰውም ትናንት ራሱ ያጎረሰው ነው።

ሕግ የሚይዘው የቸኮለውን ብቻ ነው። ዳርሊን ድሩያን የአሜሪካ አየር ኃይል የግዢ ሹም ነበረች። ከቦይንግ ጋር ስለ ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን እየተደራደረች፣ በጎን ደግሞ እዚያው ቦይንግ ስለመቀጠር ተነጋገረች። በ2004 ዘጠኝ ወር ተፈረደባት፤ ቦይንግም በ2006 615 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የተያዘችው የራሷን ቅጥር ገና ወንበሩ ላይ ሳለች በመደራደሯ ነው። የታገሡትንስ ማን ይይዛቸዋል? የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2021 ባወጣው ጥናት፣ በ2019 አሥራ አራት ትላልቅ የመከላከያ ኩባንያዎች 1,718 የቀድሞ የመከላከያ ሹማምንትንና የግዢ ባለሙያዎችን ቀጥረው ነበር። ሁሉም ሌቦች ናቸው አንልም፤ አብዛኞቹ ሕጉን ጠብቀው የገቡ ናቸው። ነገር ግን ዛሬ ወንበሩ ላይ ያለው ሹም ውል የሚፈርመው እነርሱን እያየ ነው። የነገ እንጀራው የት እንደሚጋገር ያውቃል።

«ታዲያ ልምዱ ይባክን? ታንክ የማያውቅ ሰው ታንክ ይግዛ?» አሉን ጓደኞቻችን። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ልምዱ ይፈለጋል፤ ለመሆኑ ግን ለልምዱ የከፈለው ማን ነው? ሕዝቡ አይደለም እንዴ? እንግዲያው ያስተምርበት፣ ይጻፍበት፣ ምክር ቤት ቀርቦ ይመስክርበት። ኩባንያው እኮ የሚገዛው የታንክ ዕውቀቱን አይደለም፤ ታንኩን የሠሩ መሐንዲሶች አሉት። የሚገዛው የስልክ ቁጥሮቹን ነው።

ይህን ስጋት የፈጠርነው እኛ ተማሪዎች አይደለንም። ባለ አምስት ኮከብ ጄኔራል የነበሩት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በጥር 1961 ሲሰናበቱ፣ ጦሩና የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪው ተጣምረው በመንግሥት ላይ ከሚያገኙት ተፅዕኖ ተጠበቁ ብለው አስጠንቅቀዋል። ሕጉም አጥር ነበረው፤ የ1947ቱ ሕግ ከጦሩ ከወጣ አሥር ዓመት ያልሞላው መኮንን የመከላከያ ሚኒስትር እንዳይሆን ይከለክል ነበር። በ2008 ወደ ሰባት ዓመት ወረደ። ያም ሆኖ በ1950 ለማርሻል፣ በ2017 ለማቲስ፣ በ2021 ለኦስቲን አጥሩ በልዩ ፈቃድ ተነሳ። ደግሞም አጥሩ የሚቆጥረው መለዮ ከወለቀ ወዲህ ያለውን ዓመት ነው፤ በኩባንያው ወንበር ላይ ስላለፈው ዓመት ዝም ይላል።

«የአሜሪካ ጣጣ ለእኛ ምናችን ነው?» ለሚለን፣ ጣጣው የእኛም ሆኖ አይተነዋል እንላለን። በ2002 ዓ.ም. በመከላከያ ሥር የነበሩ ፋብሪካዎች ተሰባስበው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ ተቋቋመ። የመሩት ማዕረጋቸው ገና ከትከሻቸው ያልወረደ መኮንኖች ነበሩ። የስኳር ፋብሪካው ለእርሱ፣ የህዳሴው ግድብ የብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ለእርሱ ተሰጠ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ ስለ ዘገየ ከእጁ ተወሰደ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ኮርፖሬሽኑ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ሲሉ ለሕዝብ ገለጹ። በእያንዳንዱ ሰው ላይ መፍረድ የፍርድ ቤት ፋንታ ነው፤ እኛ የምንናገረው ስለ አሠራሩ ነው። አሜሪካኑ ቢያንስ መለዮውን አውልቆ ነው የኩባንያው ደጃፍ የሚደርሰው፤ እኛ ዘንድ ግን መለዮው ራሱ ኩባንያ ሆነ። ኮከብ የደረደረ ሥራ አስኪያጅ ቢዘገይ፣ «ጌታዬ፣ ጨረታው የታለ?» የሚል የሒሳብ ሠራተኛ ከየት ይምጣ? ግድቡ በ2017 ዓ.ም. ማለቂያ ተመርቋል፤ ተመስገን። እናቶቻችን ከመቀነታቸው ፈትተው ቦንድ የገዙበት ገንዘብ ግን ያን ሁሉ ዓመት ቆሞ ጠብቋል።

እንግዲህ የምንለው አጭር ነው። ለመንግሥት የሚገዛ ሰው ከሻጩ ዘንድ ሥራ ከመያዙ በፊት ዓመታት ይለፉ፤ ለማንም የማይነሳ አጥር ይሁን። የነበረበትና የሚሄድበት ሥራ በይፋ ይመዝገብ። ጨረታ ለመለዮም ለከረባትም አንድ ይሁን። ይህ ለሌላ ሰው የተጻፈ እንዳይመስለን፤ ከእኛም መሐል ነገ ከነገ ወዲያ የግዢ ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ነጋዴው ስልክ የሚደውልለት አለ።

ጓደኛችን ያጠፈው ወረቀት አሁንም ከትራሱ ሥር ነው። አልቀደድንበትም። ከጀርባው ግን አንድ ጥያቄ ጽፈንበታል፦ «በየትኛው ወንበር ላይ ሳለ ለየትኛው ወንበር ሠራ?»