ቆብ የደፋውን አውሬ ምን ብለን እንጥራው?

በዚህች ጋዜጣችን ስለ ምግብ አዳራሽና ስለ መኝታ ቤት ሲጻፍ ማየት የለመደ አንባቢ፣ ዛሬ ስለ ስልክ ጨዋታ ለመጻፍ መነሣታችን ቢያስገርመው አንፈርድበትም። ሆኖም ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የቋንቋ ነገር ነው። የቋንቋ ነገር ደግሞ ተማሪንም መምህርንም ይመለከታል።

ጨዋታው «ፖኬሞን ጎ» ይባላል፤ የወጣው በ2008 ዓ.ም. ነው። ተጫዋቹ ስልኩን ይዞ በእግሩ እየዞረ በካርታው ላይ ብቅ የሚሉትን አውሬዎች ያጠምዳል፤ ያጠመደውንም ከወዳጁ ጋር ይለዋወጣል። በበዓል ሰሞን ከአውሬዎቹ አንዳንዶቹ ለብሰው ይመጣሉ። በ2009 ዓ.ም. በፈረንጆች ገና ፒካቹ የተባለው ቢጫ አውሬ ቀይ የገና ቆብ ደፍቶ ታየ፤ ከዚያ ወዲህም ቆብና መነጽር፣ አበባና ካባ ያደረጉ ብዙዎች ተከታትለዋል።

ባለፈው ክረምት ከጫግኒ ልጆች መካከል አንዱ «ልዩ የሆነ አለኝ፤ መጥተህ ውሰድ» ብሎ እንጅባራ ላለው ጓደኛው ደወለ። ያም የአውቶቡስ ከፍሎ መጣ። «ልዩ» ሲባል በቀለሙ ከወገኖቹ የተለየውን መስሎት ነበር፤ ስልኩ ሲከፈት ያየው ግን ቆብ የደፋ ነው። ቆብ ከደፉትም ብዙዎቹ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ ማደግ ስለማይችሉ ለእርሱ የሚረባው አልነበረም። «አታለልከኝ» አለ፤ ሌላውም «መቼ ዋሸሁ?» አለ። ክረምቱን ሳይነጋገሩ ከረሙ። ነገሩን ስንመረምረው ማንም አልዋሸም፤ ያጣላቸው የቃል እጦት ነው።

በጨዋታው ውስጥ ተለይተው መታወቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ይኸውም አንደኛ በቀለሙ ብቻ ከወገኑ የሚለይ፣ ሁለተኛ አሎላን ከመሰለ ምናባዊ አገር የመጣ በመሆኑ አካሉ የተለየ፣ ሦስተኛ ልብስ ወይም ጌጥ የተደረገለት። ፈረንጆቹ ለሦስቱም ሦስት ስም አላቸው። እኛ ግን ሦስቱንም «ልዩ» እያልን እንደባልቃለን።

ይህን ድብልቅልቅ አባቶቻችን በፈረስ ላይ ከፈቱት ቆይተዋል። ፈረስ ይዞት የሚወለደው መልኩ ነው፤ ዳማ፣ ጉራች፣ ዳለቻ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ካለበት ቦራ ነው። ሰው የሚያደርግለት ደግሞ ሌላ ስም አለው፤ ኮርቻ፣ ግላስ፣ ልጓም፣ ዛብ፣ እርካብ። «ዳማውን ግላስ አልብሰህ አምጣ» የተባለ የአዊ ባላገር ቦራውን ይዞ አይመጣም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በየዓመቱ በዓሉን ሲያከብር፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱትንና በአርበኝነቱ ዘመን የተጋለቡትን ፈረሶች ውለታ ያስባል። ያን ዕለት ሜዳውን የሚሞላው ፈረስ ሁሉ አጊጦ ነው የሚወጣው።

እኛስ? ለበዓሉ ወጥተን ፎቶግራፍ አንስተን «ፈረሱ እንዴት ያምራል!» ብለን ተመልሰናል። ግላሱ የቱ፣ ዛቡ የቱ እንደሆነ አንድ ሽማግሌ ቢጠይቁን ከመካከላችን በትክክል የመለሰ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ያባቱን ፈረስ ይጭን የነበረ ነው። ፒካቹ ስንት ዓይነት ቆብ እንዳለው ግን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ የሚያሳፍር ነው፤ ኀፍረት ብቻውን ግን ቃል አያወጣም።

ስለዚህ አሳባችንን እናቀርባለን። ለቀለሙ «መልክ»፣ ለመጣበት አገር «ዘር»፣ ለሚለብሰው «ጌጥ» እንበል። ጌጥ ያደረገው አውሬ በጠቅላላው «ባለጌጥ»፣ በተለይ ደግሞ «ባለቆብ»፣ «ባለካባ» ይባል። «የተሸለመ» የሚለውን ያልመረጥነው ዛሬ ሰው ሲሰማው ሜዳልያ ያገኘ ስለሚመስለው ነው።

አንድ ጓደኛችን «የፈረሱ ግላስ ማታ ይወልቃል፤ የአውሬው ቆብ ግን ለዘላለም አይወልቅም፤ ታዲያ እንዴት ጌጥ ይሆናል?» ሲል ተቃወመ። ተቃውሞው ትክክል ነው። ነገር ግን «ባለ» የሚለው ቃል ያለውን ይናገራል እንጂ መቼ እንደሚወልቅ አይናገርም፤ ስለዚህ ለሁለቱም ያገለግላል።

ሌላው ደግሞ «እንግሊዝኛው እያለ ምን አደከማችሁ?» ይላል። የውጭ ቃል ጠላቶች አይደለንም፤ መኪናን ከጣልያን ወስደን ያለ ችግር እንኖራለን። መበደር ግን ለቸገረው ነው፤ ጎተራው ሙሉ ሆኖ የሚበደር ሰው ይሳቅበታል። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የተባለውም ለዚህ ይሆናል። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ የተቋቋመው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነበር፤ ይሁንና ጥቃቅኑን የጨዋታ ቃል ሁሉ አካዳሚ እስኪያወጣልን መጠበቅ አይገባንም። ቃል የሚኖረው አፍ ላይ ሲውል ነው።

ይህን ስንል አማርኛን ብቻ ማሰባችን አይደለም። ጫግኒ ገበያ ላይ አውኚ ይሰማል፤ አውኚ ተናጋሪ ጓደኞቻችን ለፈረሱም ለአውሬውም የራሳቸውን ቃል ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይጻፉልን። የቋንቋ መምህሮቻችንም የተሳሳትንበትን እንዲያርሙን እንለምናለን።

ሁለቱ ጓደኞቻችን ታርቀዋል። ጫግኒ ያለው በቅርቡ ሲደውል «ባለቆብ ነው፤ መልኩ ግን እንደ ወገኖቹ ነው» አለ። እንጅባራ ያለውም «እንግዲያው አልመጣም» ብሎ ሣቀ፤ የአውቶቡሱም ገንዘብ ተረፈለት።